ተጨማሪ መረጃ፦ ጎልፍ በትምህርት ቤት ግቢ

ገናን ታውቃላችሁ፤ ቆልማማ ዱላ ይዛችሁ ሩር ስታሯሩጡ ውላችሁ ይሆናል። ጎልፍም የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው። ግን ማንም አይሻማችሁም፤ ኳሷ ቆማ ትጠብቃችኋለች። ለዚህ ነው ትዕግሥትን የሚያስተምረው።

ከአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሳንርቅ፣ ኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ውስጥ የጎልፍ ሜዳ አለ። ለመጀመር ግን ሰፊ ሣር አያስፈልግም። ለልጆች የሚመቸው ፓቲንግ ነው፤ ይህም ኳስን ሳያነሡ በመሬት ላይ ወደ ጉድጓዱ ማንከባለል ማለት ነው። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሞክሩት፦ በግቢያችሁ ይህን የሚያህል ክብ በጠመኔ ሣሉ። ከ5 እርምጃ ርቀት የቴኒስ ኳስ በዱላ 10 ጊዜ አንከባልሉ። ስንቱ ክቡን ነካ? አሁን ዓይናችሁን ከኳሷ ሳትነቅሉ ድገሙትና ውጤቱን አወዳድሩ።