የአእምሮ ጤና ነርስነት፦ ከማዘዣው በኋላ ማን ይከታተላል?

በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። እናት የልጃቸውን የሐሎፔሪዶል ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ወር ይመላለሱና ይቀራሉ። ቆይተው ሲመለሱ «ተሽሎት ነበር፤ መድኃኒቱን ተውነው» ይላሉ። ልጁ ግን አገርሽቶበታል፤ አንዳንዴም ቤት ውስጥ ታስሯል።

እኔ መድኃኒቱን ሰጥቼ አወሳሰዱን እነግራለሁ፤ ቤታቸው ድረስ ግን አልሄድም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ነርስ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ነርሷ ሕመምተኛውን በጤና ተቋምም በቤቱም ትከታተላለች። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያቅተው፣ በሐኪም ትእዛዝ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፍሉፌናዚን መርፌ ትወጋለች። የሰውነት መገተር፣ መንቀጥቀጥ ወይም እረፍት ማጣት ሲታይ፣ ቤተሰቡ መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት መጠኑ እንዲስተካከል ታደርጋለች። ጫት ሕመሙን ሊያባብስ እንደሚችልም ታስረዳለች። ሩቅያ ለሚያስደርጉ ቤተሰቦች፣ ሩቅያው መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት እንደማይሆን በመልካም አንደበት ትነግራለች።

ሙያው ከየት ተነሣ?

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1987 ነው። ተመራቂዎቹ ወደ ክልል ሆስፒታሎች ሄደው፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት አገልግሎቱን ተሸክመው ኖረዋል። እ.ኤ.አ በ2010 ጅማ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። በ2022 ደግሞ በጉራጌ አካባቢ የተደረገ ጥናት ታተመ፤ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለጽኑ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። ይህ ነርሷን ከሥራ አያስወጣትም፤ አሠልጣኝና ተቆጣጣሪ ያደርጋታል።

እንዴት ይገባበታል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ወይም የነርስነት ዲግሪ ተምሮ፣ የሙያ ፈቃድ ወስዶ ይጀምራል። ቀድሞ ነርስ የሆነም ተጨማሪ ትምህርት ወስዶ ሊገባበት ይችላል። ደመወዙ ብዙ አይደለም። «ከእብድ ጋር ልትውይ ነው?» የሚል ዘመድም አይጠፋም። ትዕግሥት ያላት፣ የሰው ምሥጢር የምትጠብቅ ልጅ ካለችዎት ግን አያስቀሯት።

በቤትዎ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ፣ ተሽሎት ቢያዩትም መድኃኒቱን ከማቋረጥዎ በፊት ባለሙያ ይጠይቁ።