የክረምት ስምና ትርጕም በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች

የአውሮፓ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በረዶ የሚወርድበትና ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው የሚቆሙበት የዓመቱ ክፍል «ክረምት» ተብሎ ይተረጐማል። የኢትዮጵያ ደገኛ ግን ክረምት ሲል የሚያስበው ዝናብን፣ ጭጋግን፣ የወንዝ ሙላትንና የለመለመ መስክን ነው። ይህ የትርጕም ችግር በቋንቋ መምህራን ዘንድ የታወቀ ነው። እምብዛም ያልተስተዋለው፣ ተመሳሳዩ ችግር በራሷ በኢትዮጵያ ውስጥ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚያጋጥም መሆኑ ነው። ክረምት የአገሪቱ ሁሉ ወቅት መስሎ ይነገራል፤ ሲመረመር ግን በተለይ የደጋው ክፍል ወቅት ሆኖ ይገኛል።

በግዕዝ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል፤ እነርሱም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ናቸው። ይህ አከፋፈል ከሰሜንና ከመካከለኛው ደጋ ኑሮ ጋር ይስማማል። በቀድሞው ዘመን ወንዞች ሞልተው መንገድ ስለሚዘጉ ዘመቻ የሚደረገው በበጋ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል የሚጐድልባቸው፣ አዲሱም ያልደረሰባቸው ወራት ስለ ሆኑ ለገበሬው የችግር ጊዜ ናቸው። በዓላቱም ወደ ዝናቡ መጨረሻ ተሰብስበዋል፤ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ፣ ቀጥሎም እንቁጣጣሽና መስቀል ይከበራሉ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ኦሮሞዎች በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ዳር ለኢሬቻ ተሰብስበው ከዝናቡ ጨለማ ወደ ብራው ላወጣቸው አምላክ ምስጋና ያቀርባሉ።

የአማርኛ ቋንቋም ይህንኑ ኑሮ ይመሰክራል። «ከረመ» የሚለው ግስ ክረምትን አሳለፈ ከማለት ተነሥቶ ቆየ፣ ሰነበተ ወደ ማለት ሰፍቷል፤ «ከርሞ» የሚመጣው ዓመት ነው፤ «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚለው ምርቃትም ከዚሁ የወጣ ነው። ለደገኛው ክረምትን መሻገር ዓመትን መሻገር ነበር።

ነገር ግን ደጋው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በመንዝና በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ቦታዎች የክረምቱ ውሃ በማሳው ላይ ስለሚተኛ፣ ቀጥሎም ውርጭ ስለሚመታው፣ ብዙ ገበሬዎች ተስፋቸውን የሚጥሉት ከየካቲት ጀምሮ በሚዘንበው በበልግ ላይ ነው። ለእነርሱ ክረምቱ ቢሰምርም በልጉ ከቀረ ዓመቱ የረኀብ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጐላው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነው። በሸዋና በወለጋ የሚኖረው ኦሮሞ የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ «ገነ» ይለዋል። የቦረና ኦሮሞ ግን በዚያው ቃል የሚጠራው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ዋና ዝናብ ነው። ደጋው በዝናብ በሚርስባቸው ወራት ቦረና «አዶሌሳ» በሚባለው ወቅት ውስጥ ይገኛል፤ ሰማዩ ይደምናል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ግን የለም። ሁለተኛው ዝናብ «ሀገያ» የሚመጣው በደጋው መኸር በሚቃረብበት ጊዜ ነው። ሶማሌዎችም ዓመቱን ጉ፣ ሐጋ፣ ዴርና ጅላል ብለው ሲከፍሉ ጉና ዴር የዝናብ፣ ሐጋና ጅላል የደረቅ ወቅቶች ናቸው።

እዚህ ላይ በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን ማነጻጸር ይጠቅማል። በግዕዝ ሐጋይ በጋ ነው፤ በቦረና ሀገያ ዝናብ ነው፤ በሶማሊኛ ሐጋ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ነፋሻ ደረቅ ወቅት ነው፤ በአፋርኛም ሐጋይ ከዝናብ በፊት ያለው የሐሩር ጊዜ ነው። ደጋው ክረምት የሚለውን ዝናብ አፋሮች «ካርማ» ይሉታል። እንግዲህ ስም ከስም ስለ ተመሳሰለ ብቻ ወቅት ከወቅት አንድ ነው ማለት አይቻልም።

የልዩነቱ ምክንያት በዝናብ ቀበቶው ጕዞ ላይ ነው። ቀበቶው ከፀሐይ ጋር ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲመለስ ቦረናንና ኦጋዴንን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ወደ ሰሜን ርቆ ስለሚቆም የደጋው ዝናብ በዚያን ጊዜ ይበረታል።

ዝናቡ ራሱ በማይበረታበት ቆላም የደጋው ክረምት በወንዝ በኩል ይደርሳል። በታችኛው ኦሞ የዳሰነች ሕዝብ ሙላቱ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ግን የወንዙን የቀድሞ ሙላት ለውጦታል። በጋምቤላ ደግሞ ኑዌሮች በዝናቡ ወቅት በ«ቶት» በከፍተኛው መሬት ላይ ባሉ መንደሮች ተሰብስበው ይኖራሉ፤ በደረቁ ወቅት በ«ማይ» ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። በግዕዝ ማይ ውሃ ማለት ሲሆን በኑዌርኛ ውሃ የሚፈለግበትን ወቅት መሰየሙ የሚያስገርም ግጥምጥም ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጥናት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኤልኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት የደጋውን ክረምት ብዙ ጊዜ ያሳንሳል፤ የደቡብ ምሥራቁን የመፀው ዝናብ ግን ያበዛል፤ ተቃራኒው ላኒኛ ደግሞ ይህንኑ ይገለብጣል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ሲያንስ የተጐዱት የሰሜንና የምሥራቅ ገበሬዎችና የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. መፀው እስከ 2015 ዓ.ም. መፀው ባለው ጊዜ ግን በቦረናና በሶማሌ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ፤ ከብቱም በብዛት አለቀ። «የዘንድሮው ክረምት መልካም ነው» የሚል ወሬ በደጋው እውነት ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ላለው እረኛ ስለ ሌላ አገር የተነገረ ያህል ነበር።

ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ልማድ የሚያጠና ሰው «በክረምት ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ቢጀምር፣ መልሱን ገና ሳይሰማ በደጋው አቆጣጠር ወስኖታል። ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እያንዳንዱ ወር በአገሬው አፍ ምን እንደሚባል፣ ዝናቡ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ወተቱና እህሉ መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚጐድል ነው። ለርዳታ እህል የሚያከፋፍለውና የአየር ጠባይን የሚተነብየውም ሠራተኛ ይህንኑ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ያለ እርሱ የአንዱን አገር ጥጋብ ለሌላው አገር ሊቈጥርለት ይችላልና።