ፋይላካ፦ ቅርሷ የተገኘላት፣ ሰዎቿ የተበተኑባት ደሴት

አቡ ሐሊፋ፣ መንገፍ ወይም ማህቡላ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኩዌትን የሚያውቃት በነዳጇና በፎቆቿ ነው። ነዳጅ በቡርጋን ከተገኘበት ከ1938 በፊት አቡ ሐሊፋ ራሷ የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ነበረች። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው አገሩ ትናንት የተፈጠረ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ከዋና ከተማዋ ዳርቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠችው ፋይላካ ግን አራት ሺህ ዓመት ወደኋላ ትመልሰዋለች። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1958 በፒተር ግሎብና በጄፍሪ ቢቢ የሚመራ የዴንማርክ ቡድን በደሴቷ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ሰዓድና ሰዒድ በሚባሉት ጉብታዎች ላይ መቆፈር ጀመረ። ከአፈሩ ሥር የወጣው፣ ማዕከሉን ባሕሬን ላይ ያደረገው የዲልሙን ሥልጣኔ ሰፈር ነበር። በ2000 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተቆረቆረው ይህ ሰፈር ቤተ መቅደስ፣ ትልቅ የአስተዳደር ሕንፃና መኖሪያ ቤቶች ነበሩት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ክብ የድንጋይ ማኅተሞችም ተገኝተዋል። ነጋዴው የዕቃውን እስር በጭቃ ለጥፎ በማኅተሙ ይጫነዋል፤ መንገድ ላይ እጁን የሰደደ ሰው ቢኖር የተሰበረው ጭቃ ያሳብቅበታል። የዛሬዋ ኦማን መዳብ ወደ ሜሶፖታሚያ ከተሞች ሲጓዝ በባሕረ ሰላጤው ጫፍ ያለችው ፋይላካ መተላለፊያ በር ነበረች። በሰሜን ምዕራቧ የሚገኘውን የአል-ኸድርን ጥንታዊ ወደብ፣ የስሎቫኪያና የኩዌት ባለሙያዎች ከ2004 ጀምሮ ቆፍረውታል።

ግሪኮች ሲመጡ ደሴቷ አዲስ ስም አገኘች። ታሪክ ጸሐፊው አርያን እንደሚለው፣ ኢካሮስ ያላት ታላቁ እስክንድር ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት የሴሌውቅያ ነገሥታት ምሽግ ገነቡ፣ በውስጡም ቤተ መቅደስ አነጹ። ከምሽጉ የወጣው የድንጋይ ጽሑፍ ኢካዲዮን የሚባል ሹም ለአናክሳርኮስ የላከውን ደብዳቤ ይዟል። መልእክቱ የሚያወራው ስለ ጦርነት አይደለም፤ የደሴቷ ነዋሪዎች ፍትሕ እንዲያገኙና በደል እንዳይደርስባቸው ያሳስባል።

ከግሪኮች በኋላም ኑሮው አልተቋረጠም። በደሴቷ መካከል፣ አል-ቁሱር በተባለው ቦታ፣ የፈረንሳይ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን አገኙ። ግድግዳው በኖራ በተቀረጹ መስቀሎች ያጌጠ ነበር። ምእመናኑ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ሲሆኑ፣ እስልምና በአካባቢው ከተስፋፋም በኋላ እዚያው ኖረዋል። በኋላ ዘመን ደግሞ ልጅ የሚሹ ሴቶች በአል-ኸድር መካነ ጸሎት ስለት ይሳሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ትውልድ ያስተናገደችው ደሴት በነሐሴ 1990 ባዶ ቀረች። የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲወር ሁለት ሺህ ያህሉን ነዋሪ አስወጥቶ ምድሯን በፈንጂ አጠረ። በዋና ከተማዋም ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘርፎ ተቃጠለ፤ ከተወሰዱት ቅርሶች አብዛኞቹ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ተመልሰዋል። ፋይላካም ከ1991 ወዲህ ፈንጂዋ ተጠርጓል። ሰዎቿ ግን ካሣ ተቀብለው በዋናው ምድር እንዲሰፍሩ ተደረገ እንጂ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። የአል-ዞር መንደር ቤቶችና የባንኩ ሕንፃ ጥይት እንደበሳቸው ቆመዋል። ወታደሮች ይለማመዱባታል፣ ጎብኚዎች በጀልባ ይመላለሱባታል።

የቅርሱ ሥራ ግን ተጧጡፏል። ዴንማርኮች ተመልሰዋል፤ ፈረንሳዮች፣ ጣሊያኖች፣ ፖላንዶችና ጆርጂያውያን ከኩዌት የባህል፣ የኪነ ጥበባትና የሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ ምክር ቤት ጋር ሠርተዋል። የሰዓድና ሰዒድ አካባቢ ከ2013 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ደሴቷን የቱሪስት መዳረሻ የማድረግ ዕቅድም በተደጋጋሚ ተነሥቷል።

ቁፋሮ ማንን ይዞ ቢካሄድ እንደሚበጅ ከእኛው አገር አንድ ማስረጃ አለ። በትግራይ፣ ከየሓ ብዙም በማይርቀው ቤተ ሰማዕቲ፣ ከአክሱም ዘመን የመጀመሪያዎቹ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ተገኝቷል። ባለሙያዎቹን ወደ ኮረብታው የመራቸው «ይህ ቦታ ትልቅ ነገር አለው» የሚለው የአካባቢው ሰው ነበር። ያ ሰው ከቦታው ቢነቀል ኖሮ ጥቆማው አብሮት ይሄድ ነበር። ፋይላካ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ የትኛው ጉድጓድ ጣፋጭ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው ጉብታ በምን ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት ሰዎች በየከተማው ሰፈር ተበትነዋል፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ስለዚህ የአል-ዞር ፍርስራሽ የሚጠረግ ቆሻሻ፣ ወይም የጦርነት ማስታወሻ ፎቶ መነሻ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ከዲልሙን ማኅተምና ከኢካሮስ ምሽግ ቀጥሎ የተነጠፈ የደሴቷ የታሪክ ንጣፍ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየውም ምስክሮቹ በሕይወት መኖራቸው ነው። የቀድሞ ነዋሪዎችን ትዝታ መቅዳት፣ የቤቶቹን ካርታ መሣል፣ ለሆቴል ዕቅድ ከመቸኮል በፊት እነሱን ማማከር ከአንድ የቁፋሮ ወቅት በጀት የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም። የአራት ሺህ ዓመቱ ማኅተም ሌላ መቶ ዓመት ቢቆይ አይጎዳም፤ የነዋሪዎቹ ምስክርነት ግን ያን ያህል አይጠብቅም።