ማይክሮፎን ያስመርጣል፣ ድርጅት ያቆያል፦ ከሚኒሶታው የ1998 ምርጫ ምን እንማራለን?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «እገሌ ፓርቲ በሚዲያ ብዙ ይወራለታል፤ አዳራሽ ይሞላል፤ በዩቲዩብ ተከታዩ ብዙ ነው። ታዲያ ያሸንፋል ወይ?» የሚል ነው። ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆን ምርጫ ተካሂዷል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1998 ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ፖፑሊስት ወይም ሕዝበኛ የምንለው ፓርቲ «ሕዝቡ በአንድ ወገን፣ ሥልጣን ላይ ያሉት በሌላ ወገን ናቸው፤ እኔ ከሕዝቡ ወገን ነኝ» ብሎ የሚነሳ ነው። ቀኝም ግራም ሊሆን ይችላል። በሚኒሶታ ይህንን ይዞ የተነሳው የሪፎርም ፓርቲ ነበር። ፓርቲውን በአገር አቀፍ ደረጃ ያቋቋመው የቴክሳሱ ባለሀብት ሮስ ፔሮ ሲሆን፣ ለሚኒሶታ አገረ ገዢነት የቀረበው ዕጩ ደግሞ ጄሲ ቬንቱራ ነበር። ቬንቱራ የነፃ ትግል ተጫዋች ነበር። ነፃ ትግል ስል እኛ በፖለቲካችን የምናውቀውን ትግል ማለቴ አይደለም፤ በቴሌቪዥን የሚታየውን ግብግብ ማለቴ ነው። በኋላ የብሩክሊን ፓርክ ከተማ ከንቲባ ሆነ፤ ቀጥሎም የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ።

ተፎካካሪዎቹ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። የሪፐብሊካኑ ኖርም ኮልማን በወቅቱ የሴንት ፖል ከንቲባ ነው። የዴሞክራቱ ሀምፍሪ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት የሁበርት ሀምፍሪ ልጅ ነው። በሴፕቴምበር ወር የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ለቬንቱራ የሰጡት 10 ከመቶ ገደማ ነበር። ጋዜጦቹም እንደ መዝናኛ ወሬ ነበር የሚያዩት። ኖቬምበር 3 ሌሊት ውጤቱ ሲነገር ግን ቬንቱራ 37 ከመቶ፣ ኮልማን 34፣ ሀምፍሪ 28 ሆነ።

እንግዲህ ይህ እንዴት ሆነ? «ዝነኛ ስለነበረ ሚዲያው አስመረጠው» ማለት ቀላሉ መልስ ነው። ዝና ረድቶታል፤ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ዝናው ነው ሴፕቴምበር ላይ 10 ከመቶ የነበረው። ስለዚህ ከሴፕቴምበር ወዲህ የተለወጠውን መፈለግ አለብን። እኔ ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛው የክርክር መድረክ ነው። ሀምፍሪ «ቬንቱራ ካልተጋበዘ እኔም አልከራከርም» አለ። ይህን ያለው ለፍትሕ ብቻ ብሎ አይመስለኝም። ስሌቱ ቬንቱራ ድምፅ የሚወስደው ከሪፐብሊካኑ ነው የሚል ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ሁለቱ ትልልቅ ፖለቲከኞች እርስ በርስ ሲወጋገዙ፣ ሦስተኛው በተራ ሰው ቋንቋ ይናገር ነበር፤ የማያውቀውን ሲጠየቅም አላውቅም ይል ነበር። እስከዚያ ቀን ስለ እርሱ የሚሰማው መራጭ አሁን እርሱን ራሱን ከሌሎቹ እኩል ቆሞ አየው። በኦክቶበር አጋማሽ ድጋፉ ከ20 ከመቶ አለፈ።

የዚህን ክብደት ለማየት ፔሮን ራሱን እንመልከት። በ1992 የፕሬዚዳንት ምርጫ በሦስቱም ክርክሮች ተሳተፈና 19 ከመቶ አገኘ። በ1996 ከክርክሩ ውጭ አደረጉትና 8 ከመቶ አገኘ። ሌሎች ምክንያቶች አልነበሩም አልልም። ነገር ግን መድረክ መከልከል ምን እንደሚያስከትል ያሳያል።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። በወቅቱ በነበረው የሚኒሶታ ሕግ በግዛት አቀፍ ውድድር 5 ከመቶ ያገኘ ፓርቲ እንደ ዋና ፓርቲ ይቆጠር ነበር። በኋላ የሪፎርም ፓርቲ አባላት የሆኑት ሰዎች ከአራት ዓመት በፊት በ1994 በሴኔት ውድድር ዲን ባርክሌይን አቅርበው ይህን ደረጃ አግኝተው ነበር። በዚህም የተነሳ ቬንቱራ ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ ማግኘት ቻለ፤ ድጎማውን ተስፋ አድርጎ ከባንክ በተበደረው ገንዘብም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አስነገረ። ከመድረኩ በስተጀርባ ካሜራ ያላየው የአራት ዓመት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የምዝገባው ሥርዓት ነው። በሚኒሶታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መራጭ በምርጫው ዕለት ተመዝግቦ በዚያው ቀን መምረጥ ይችላል። በ1998 በዕለቱ የተመዘገበው ሰው ከ300 ሺህ በላይ ነበር። በቬንቱራና በኮልማን መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ 56 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። ሁሉም ለቬንቱራ መረጡ ማለት አይደለም። ነገር ግን በመጨረሻው ሳምንት ልቡ የተነሳሳ ሰው ስሜቱን ወደ ድምፅ የሚቀይርበት በር ክፍት ነበር። ምዝገባው ከወር በፊት ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ ወሬ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ከድሉ በኋላ ምን ሆነ? ቬንቱራ ሥልጣን ሲይዝ በግዛቱ ምክር ቤት የፓርቲው አባል የሆነ አንድም ተመራጭ አልነበረውም። ሠርቷል፤ ዛሬ ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደን ባቡር በእርሱ ዘመን ነው የተጀመረው። ከጋዜጠኞች ጋር ግን በየጊዜው ይጋጭ ነበር። ሚዲያውም ስለ ፓርቲው ሳይሆን ስለ ሰውዬው ያወራ ነበር። በ2000 የሚኒሶታው ክንፍ ከአገር አቀፉ ፓርቲ ተለይቶ ኢንዲፔንደንስ ፓርቲ ተባለ። በ2002 ቬንቱራ ድጋሚ አልተወዳደርም ሲል በእርሱ ፈንታ የቀረበው ቲም ፔኒ 16 ከመቶ ነው ያገኘው። በ2014 ፓርቲው የዋና ፓርቲነት ደረጃውን ጭምር አጣ። ፊቱ ሲሄድ ቤቱም ፈረሰ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁላችንም የምናስታውሰው ምርጫ 97ን ነው። ቅንጅት ፖፑሊስት ነበር ማለቴ አይደለም፤ እኔ የማነሳው መድረኩን ነው። ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎቹ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሕዝቡ በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ ተሰብስቦ ተከታተለ። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ ሞላ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሚኒሶታ ተሸናፊዎቹ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በእኛ አገር ሰው በጥይት ሞተ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ መድረኩም ተዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። ቅንጅትም መሪዎቹ ከእስር ሲወጡ በመካከላቸው በተነሳው ክፍፍል ተበታተነ።

ከሁለቱም ታሪኮች የምወስደው ይህንን ነው። ሚዲያ እኩል መድረክ ሲሰጥ ተስፋ የሌለው የሚመስል ፓርቲ ሊያሸንፍ ይችላል። ነገር ግን ድምፁን የሚያስቆጥረው ሕግና ተቋም ነው፤ ድሉን የሚያቆየው ደግሞ ድርጅት ነው። እዚህ በዳያስፖራ በሳተላይት የምንሰማው ድምፅ አገር ቤት የምርጫ ካርድ አይሆንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፓርቲ ስሙ ሲገን ተከታዩን ብቻ አትቁጠሩ። በስንት የምርጫ ክልል ዕጩ አቅርቧል? በወረዳ ደረጃ ታዛቢ የሚሆኑለት ሰዎች አሉት? መሪው ነገ ቢታሰር ወይም ቢተወው ማን ይተካዋል? «ባለሥልጣናቱን አባርራለሁ» ካለ በኋላ በጀቱን እንዴት እንደሚይዘው ተናግሯል? እነዚህን መጠየቅ የጋዜጠኛው ግዴታ ነው። ጋዜጠኛው ካልጠየቀ ደግሞ ጋዜጠኛውን መጠየቅ የእናንተ የተመልካቾቻችን መብት ነው።