የሩቅ መንገደኛ ስንቁና ጓደኛው

ሰው ሩቅ አገር ለመሄድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መንገዱ ርዝመት ነው። መንገዱ ግን ባለበት ይቆያል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይልቅስ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው መንገደኛው ራሱና አብሮት የሚሄደው ጓደኛ ነው። ይህንም የተረዳነው በቅርቡ በራሳችን ላይ በደረሰው ነገር ስለሆነ፣ ለአንባቢያን ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ጽፈነዋል።

ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ አንዱ አናጢ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱም ይህን የምንጽፈው መምህር። በመጪው ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ በብስክሌት ለመሄድ ተስማማን። ራስ መኰንን ባሠሩት በዚህ ደብር በየዓመቱ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ስንት ሕዝብ እንደሚሰበሰብ አንባቢ ያውቀዋል። ብዙው በመኪና፣ አንዳንዱም በእግሩ ይሄዳል። እኛ በብስክሌት ማለታችን ለአንዳንድ ወዳጆቻችን የልጅነት ነገር መስሎ ታያቸው። ነገር ግን ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው በብስክሌት ተወዳድረዋል። እኛ ደግሞ የምንሽቀዳደመው ከማንም ጋር አይደለም፤ የምንሻው በደኅና ደርሶ በደኅና መመለስ ነው።

መንገዱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ አስተማሪነታችን ካርታውን ዘርግተን በስምንት ቀን ከፈልነው። ፈጣኑ የአዳማ መንገድ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ፣ በአሮጌው መንገድ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርገን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዳማ እናድራለን። ይህ ቀን አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ሰውን ያታልላል፤ ጕልበቱን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚጨርስ መንገደኛ በሁለተኛው ቀን ይቀጣል። በማግሥቱ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ እንወርዳለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን፣ መተሐራና አዋሽ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። ስለዚህ በዚያ የሚፈትነው ብርድ ሳይሆን ሐሩር ነው። በሦስተኛው ቀን አዋሽ ደርሰን በአራተኛው እናርፋለን። በአምስተኛው ቀን በሚኤሶ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪ ስንወጣ የጨርጨር ተራሮች ይቀበሉናል። በዚያም አንድ ቀን ዐርፈን፣ የቀረውን በሂርና በኩል ያለውን ዳገትና ቁልቁለት በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን።

ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች እስከ አዋሽ ድረስ በዚሁ መንገድ የሚያልፉ በመሆናቸው፣ ሦስታችንም ጎን ለጎን ሳይሆን በተራ እንሄዳለን፤ ከጨለመ በኋላም አንነዳም። በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ በ2017 ዓ.ም. ምድር በተደጋጋሚ ተናውጦ ብዙ ሰዎች ከመኖሪያቸው መነሣታቸው ይታወሳል። በዚህም ምክንያት ከየከተማው ከመነሣታችን በፊት የሚቀጥለውን መንገድ ሰላምና ሁኔታ ከፖሊስና ከሾፌሮች ልንጠይቅ ወስነናል። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ አጎበር እንይዛለን፤ ከተመለስንም በኋላ ትኩሳት የተሰማው ቢኖር ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ስለ ስንቅም እንናገር። በዓሉ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ስለዚህ ስንቃችን በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር ነው፤ በየከተማውም ሽሮና ምስር አይታጣም። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ በራሳችን አልፈረድንም፤ የንስሐ አባታችንን ጠየቅን። እርሳቸውም መንገዱንና ሐሩሩን በዝርዝር ከሰሙ በኋላ ለየአንዳንዳችን እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው መከሩን። እንደዚህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሁሉ እንዲሁ የራሱን አባት ይጠይቅ እንላለን። በቆላው ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር ውሃ ይያዛል፤ ላብ ጨውን ስለሚያወጣም በበሶው ጨው አይረሳም።

የዕቃው ነገር እንደ ተረቱ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሦስት ፖምፓ፣ ሦስት ቺያቤ አያስፈልግም፤ አንድ አንድ ይበቃል። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ የፍሬን ሽቦና የካቴና መጠገኛ ለሦስት ተከፋፈልን። ከባዱ ዕቃ ከኋላ፣ በጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይታሰራል እንጂ በጀርባ አይታዘልም፤ ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃ ብስክሌቱን ያንገዳግደዋልና።

ይህን ሁሉ አሰናድተን ስናበቃ ምንም የጎደለ አልመሰለንም ነበር። ወጪውን ለመሸፈን እያንዳንዳችን በየወሩ እኩል ገንዘብ እናዋጣ ነበር፤ ገንዘቡም በእኛ ሣጥን ይቀመጥ ነበር። እኩል ማዋጣት ፍትሕ መሆኑን ማናችንም አልተጠራጠርንም።

በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ለልምምድ ወደ እንጦጦ ወጣን። ስንመለስ በቁልቁለቱ ላይ የአናጢው ወንድማችን የፍሬን ሽቦ ተበጠሰ። ከፊቱ እንጨት የተሸከሙ ሦስት እናቶች ይወርዱ ነበር። እርሱም እነርሱን ላለመምታት ሲል መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ወደቀ። እኛ ደርሰን ስናነሣው ፊቱ በደም ተሸፍኖ፣ እጁ ማበጥ ጀምሮ ነበር። እናቶቹም ሸክማቸውን ጥለው በነጠላቸው ደሙን ጠረጉለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ጣቢያ ሲታይ አጥንቱ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነበር።

በማግሥቱ ብስክሌቱን ስንመረምር ሽቦው ዝገት የበላው፣ ላስቲኩም ከቸርኬው ጋር እስኪነካካ ድረስ ያለቀ ሆኖ አገኘነው። «ይህን አታውቅም ነበርን?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አውቅ ነበር» አለ። በዚያ ወር ለልጁ የትምህርት ቤት ከፍሎ፣ የቀረውን ለመዋጮው ሰጥቶ ኖሯል። መዋጮውን ከማጓደል ፍሬኑን ማቆየት ቀሎት ነበር። ባለቤቱ ቡና እያፈላች ትሰማን ነበርና ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ገንዘቡ በእርስዎ ሣጥን ተቀምጦ የእርሱ ፍሬን ይበጠሳል?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ለሩቁ መንገድ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለቅርቡ ቁልቁለት ሳይደርስ ቀርቶ ነበርና። ጥፋቱ ሽቦውን ባልለወጠው ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። ችግሩን ለመናገር እንዲያፍር ያደረገው ያው የእኛ እኩልነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ደነገግን። አንደኛ፣ መዋጮው እንደ ገቢው ይሆናል፤ የሁሉም ብስክሌት ፍሬንና ጎማ ከጋራው ገንዘብ ይጠገናል። ሁለተኛ፣ በየማለዳው ማንም የራሱን ብስክሌት አይመረምርም፤ የጓደኛውን ይመረምራል። ሰው የራሱን ጕድለት ለምዶት ያልፈዋል፤ የጓደኛው ግን ይታየዋል። ፍሬኑ ይጨበጣል፣ ጎማው በጣት ይጫናል፣ ካቴናው ይታያል። በረጅም ቁልቁለትም ፍሬን ያለ ማቋረጥ አይያዝም፤ እየያዙ እየለቀቁ ይወርዳሉ፣ ቸርኬው ሲግል ቆም ብለው ያቀዘቅዙታል። ሦስተኛ፣ የደከመ ወይም የታመመ ሰው ሳያፍር ይናገራል፤ ብስክሌቱ ካንድ ጓደኛው ብስክሌት ጋር በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ሁለቱ በሚቀጥለው ከተማ ይጠብቃሉ። ይህን ደካማ ብሎ የሚሰድብ ከማኅበራችን ይወጣል።

ሰሞኑን የወንድማችን እጅ ድኖ እንደገና መሠልጠን ጀምረናል። ባለቤቱ መጀመሪያ አይሄድም ብላ ነበር፤ ይህን ውሳኔያችንን ከሰማች በኋላ ግን በሶውን እርስዋ ራስዋ ፈጨችልን። ባለፈው ቅዳሜ ልንወጣ ስንል ከደጅ ላይ አስቆመችን። የሦስታችንንም ፍሬን በየተራ ጨብጣ ሞከረች፤ ከዚያም «ሂዱ» አለችን።

ቤተ ሰቦች ሆይ፣ ከቤታችሁ ሩቅ መንገድ ለመሄድ የተሰናዳ ልጅ ወይም ባል ቢኖር ስንቱን ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ብቻ አትጠይቁት። የጓደኛውን ችግር ያውቅ እንደሆነ፣ የራሱንም ለጓደኛው ነግሮት እንደሆነ ጠይቁት። ይህን ካሟላ ስንቁ ተሟልቷልና በደኅና ግባ ብላችሁ ሸኙት።