የቤት ኤስፕሬሶ ማሽንና የውሃው ሙቀት

ኤስፕሬሶ ደቅቆ በተፈጨና በታመቀ ቡና መካከል ሙቅ ውሃ በ9 ባር ገደማ ግፊት እንዲያልፍ ተደርጎ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ የሚቀዳ ቡና ነው። ውሃው ቡናው ላይ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሙቀቱ ትንሽ ሲዛባ ጣዕሙ ወዲያው ይለወጣል። ውሃው ቡናውን በሚነካበት ቅጽበት ሊኖረው የሚገባው ሙቀት እንደ ቡናው ዓይነት ከ88 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። የቡናው ኮምጣጣ ንጥረ ነገሮች በቀላሉ ይሟሟሉ፤ ጣፋጩንና ክብደቱን አውጥቶ ለማምጣት ግን በቂ ሙቀት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ሲያንስ ቡናው ይኮመጥጣል፣ ውሃ ውሃም ይላል። ሲበዛ ደግሞ ይመራል፣ ምላስንም ያደርቃል።

የቤት ማሽን ችግር የሚጀምረው ውሃው ከሚሞቅበት ቦታ እስከ ቡናው ባለው መንገድ ላይ ነው። ውሃው ቦይለር ውስጥ ይሞቅና ግሩፕ በሚባለው ብረት በኩል ወርዶ ባለ እጀታው የቡና መያዣ ውስጥ ይገባል። እነዚህ ብረቶች ቀዝቃዛ ከሆኑ ውሃው በመንገድ ላይ ሙቀቱን ለእነሱ ያካፍላል። ማሽኑ ላይ የሚበራው የዝግጁነት መብራት ደግሞ የሚናገረው ስለ ቦይለሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራቱ ዝግጁነቱን ካሳየ በኋላም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ማሽን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከባድ የነሐስ ግሩፕ ያለው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ባዶው የቡና መያዣ ግሩፑ ላይ ተገጥሞ መቆየት አለበት። ሲኒውም በሙቅ ውሃ ቢታጠብ መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው እንደ ማሽኑ አሠራር ይለያያል። በዋጋ ዝቅ ከሚሉት ማሽኖች ብዙዎቹ አንድ ቦይለር አላቸው፤ ያው ቦይለር ቡናም ይቀዳበታል፣ ለወተት የሚሆን እንፋሎትም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ የዋለው ጋጂያ ክላሲክና በ1997 የወጣው ራንቺሊዮ ሲልቪያ የዚህ ዓይነት የታወቁ የጣሊያን ማሽኖች ናቸው። ሙቀታቸውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ማሞቂያውን ውሃው ሲቀዘቅዝ ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል። በሚበራበትና በሚጠፋበት መካከል ግን የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቡና፣ በአንድ ጠዋት የተቀዱ ሁለት ሲኒዎች ጣዕማቸው የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቡናውን ሁልጊዜ ማሞቂያው በሚበራበትና በሚጠፋበት ዑደት ውስጥ በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ መቅዳት ነው። የማሞቂያው መብራት እስኪበራ ድረስ ጥቂት ውሃ በግሩፑ ይፈሳል። መብራቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ለምሳሌ 30 ሰከንድ ተቆጥሮ ቡናው ይቀዳል። ቡናው ከመረረ ቆጠራው ይረዝማል፣ ከኮመጠጠ ያጥራል። ለማሽኑ የሚስማማው ቁጥር አንዴ ከተገኘ በየቀኑ ያው ነው። የቦይለሩ መጠንም ልዩነት ያመጣል። የሲልቪያ ቦይለር 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የቀድሞው ጋጂያ ክላሲክ ግን 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 18 ግራም ቡና 36 ግራም ኤስፕሬሶ ሲወጣው፣ ቡናው ራሱ የሚመጠው ተጨምሮ ከዚያ ትንሽ ቦይለር ግማሽ ያህሉ ውሃ ይሄዳል፤ በቦታው የሚገባው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በትንሽ ቦይለር ቡና የሚቀዳው ማሞቂያው ሊበራ ሲል ወይም እንደበራ ቢሆን ይሻላል።

ወተት ከሞቀ በኋላ ቦይለሩ ለቡና እጅግ ይሞቃል። ሌላ ቡና ከመቀዳቱ በፊት ውሃው እየረጨ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ማፍሰስ የግድ ነው። ይህ ቡናውን ከማረር ያድናል፣ ቦይለሩን መልሶ ስለሚሞላም ማሞቂያውን ከመቃጠል ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ማሽን እንፋሎት በሞላበት ቦይለር ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ አለው። ለቡና የሚሆነው ንጹሕ ውሃ በዚያ ቱቦ ሲያልፍ ይሞቃል። አሠራሩን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የቀረበው የፋኤማ ኢ61 ማሽን ሲሆን፣ ከባዱ የነሐስ ግሩፑ እስከ ዛሬ በብዙ የቤት ማሽኖች ላይ ይታያል። ይህ ዓይነት ማሽን ሥራ ፈቶ ሲቆይ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት ውሃው ይለቀቃል፤ መጀመሪያ ከእንፋሎት ጋር እየተንተከተከ ይወጣል፣ ከዚያ ጸጥ ብሎ ይወርዳል።

ሁለት ቦይለር ያላቸው ማሽኖች ቡናውንና እንፋሎቱን ስለሚለያዩ ይህን ድካም ያስቀራሉ። ውሃውን በሚያልፍበት ጊዜ የሚያሞቁ ፈጣን ማሽኖች ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ዝግጁ ይሆናሉ፤ ግሩፑና የቡና መያዣው ግን ያኔም ቀዝቃዛ ናቸው። ለእነሱ ያለ ቡና አንድ ሁለት ጊዜ ሙቅ ውሃ ማሳለፍ ይበቃል።

አሁን ብዙ ማሽኖች ፒ አይ ዲ የሚባል ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይዘው ይመጣሉ። መቆጣጠሪያው ሙቀቱ ከተፈለገው ምን ያህል እንደራቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደራቀና በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ አስልቶ ለማሞቂያው የሚደርሰውን ኃይል ይመጥናል። መዋዠቁም ወደ አንድና ሁለት ዲግሪ ይወርዳል። ይሁን እንጂ በመቆጣጠሪያው መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር ቦይለሩ ላይ የተለካ ሊሆን ስለሚችል ከቡናው ጋር የሚገናኘው ውሃ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል።

ከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጀበና ቡናም የሚፈላው በዚሁ ሙቀት ነው። በማሽን ውስጥ ግን የፓምፑ ግፊት ውሃው እንዳይፈላ ስለሚይዘው አዲስ አበባ ላይም በ94 ዲግሪ ቡና መቅዳት ይቻላል። የሚለወጡት ምልክቶቹ ናቸው። ከማሽን የፈሰሰን ውሃ ሲኒ ውስጥ በቴርሞሜትር ለክቶ ከ92 በላይ ማግኘት አይቻልም፤ ትርፉ ሙቀት በእንፋሎት ይሄዳል። ባለ ቱቦው ማሽን ላይ ውሃው መንተክተኩን የሚያቆመው በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ ተጨማሪ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ጸጥ ባለበት ቅጽበት ለቡና ወደሚሆነው ሙቀት ደርሷል። የግፊት መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ ቦይለሩ በባሕር ወለል 120 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 116 ገደማ። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መመሪያ እንዳለ አይሠራም።

የሙቀቱን ምርጫ የሚወስነው አቆላሉ ነው። የጣሊያን የኤስፕሬሶ ተቋም ለባህላዊው ኤስፕሬሶ 7 ግራም ቡናና 88 ዲግሪ ውሃ ያዛል፣ 2 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይፈቅዳል። ጠቆር ብሎ ለተቆላ ቡና ይህ ይስማማል፤ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ ብዙ ሙቀት ያመርረዋል። እንደ ይርጋጨፌ ያለ ታጥቦ የተዘጋጀና ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ግን ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ካነሰ የአበባ መዓዛው ተቀብሮ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል።

መራራነትና ኮምጣጣነት ከአፈጫጨትም ስለሚመጡ መጀመሪያ የቡናው መጠን፣ የሚወጣው ኤስፕሬሶና የሚፈጀው ጊዜ ይስተካከል። ሙቀቱ ከዚያ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ብቻ ይለወጥ፣ በየለውጡም ይቀመስ። በደንብ የሞቀና ጊዜው ተጠብቆ የተቀዳበት ርካሽ ማሽን፣ ሳይሞቅ ከሚቀዳበት ውድ ማሽን የተሻለ ቡና ይሰጣል።