በ11.1 የጠፋ በ12.6 ይበራል

የጮቄ ተራራ የክረምት ደመና የደብረ ማርቆስን ዙሪያ ሲከድነው፣ ሶላር ያለው ገበሬ ማታ ላይ ግራ ይጋባል። ባትሪውን የሚጠብቀው የሶላሩ ኮንትሮለር መብራቱን 11.1 ቮልት ገደማ ላይ ቆርጦታል፤ ጥቂት ቆይቶ ባትሪው ሲለካ ግን 11.8 ይላል። ታዲያ ለምን አይበራም?

ኮንትሮለሩ ጤነኛ ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ መብራት ሲሸከም ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሸክሙ ሲነሳለት አንዲት ጠብታ ኃይል ሳይጨመርበት መልሶ ከፍ ይላል። መቁረጫውና መመለሻው አንድ ቁጥር ቢሆኑ ኖሮ መብራቱ እንደጠፋ ቮልቴጁ ይወጣና ያበራዋል፤ እንደበራ ደግሞ ይወርድና ያጠፋዋል። ቤቱ ሲብለጨለጭ ያድር ነበር። ስለዚህ ሁለት ወሰን ተበጀለት፤ 11.1 ላይ የጠፋ 12.6 አካባቢ ሳይደርስ አይበራም። በሁለቱ መካከል ያለ ቮልት ምንም አይቀይርም፤ የበራው እንደበራ፣ የጠፋው እንደጠፋ ይቆያል። ያው 11.8 ቮልት ሲወርድ የተገኘ ከሆነ መብራቱ በርቷል፣ ከቆረጠ በኋላ ሲወጣ የተገኘ ከሆነ ግን ጠፍቷል። ይህ ባሕርይ ሂስተሪሲስ ይባላል።

ይህን ባሕርይ የያዘ የኤሌክትሮኒክ ሰርኪት የአሜሪካዊው ኦቶ ሽሚት ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ነርቭ ሲያጠና ወጠነው፤ በ1938 አሳተመው። እኔን የሚያስደንቀኝ ቅለቱ ነው፤ ከመውጫው የሚገኘው ቮልቴጅ በሬዚስተር በኩል ጥቂት ወደ መግቢያው እንዲመለስ ይደረጋል፤ ሰርኪቱ ሲበራ የመጥፊያው ወሰን ዝቅ ይላል፣ ሲጠፋ የመብሪያው ከፍ ይላል። በዛሬዎቹ ኮንትሮለሮች ብዙውን ጊዜ ይህን ሥራ በፕሮግራም የምትሠራው ትንሽ ቺፕ ናት።

በእጁ ሠርቶ ማየት የሚፈልግ ተማሪ 555 ቺፕ ይበቃዋል። 2ኛና 6ኛ እግሮቹ ተገናኝተው 12 ቮልት ሲሰጠው፣ ወሰኖቹ የዚያ አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 4 እና 8 ቮልት ይሆናሉ። ብርሃን የሚለይ ሬዚስተር ከተጨመረበት ሲመሽ አምፖል ያበራል፤ ሲመሻሽ የምታልፍ ደመና እያበራች እያጠፋች አታስቸግረውም።

የሁለቱ ወሰኖች ርቀት ዋጋ አለው። ሰፊ ሲሆን ባትሪው ያርፋል፤ ቤቱ ግን ፀሐይ እስክትወጣ በጨለማ ይቆያል። ልጆች የሚያጠኑበት ቤት ይህን ሲሸከም ማየት ያሳዝናል። ሆኖም ኮንትሮለሩን ዘሎ አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያይዝ ሰው የእርሳስ ባትሪውን ከልክ በታች እያወረደ፣ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እያጋገረ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ጠዋት ጥሩ ፀሐይ ከወጣ ፓነሉ ራሱ ቮልቴጁን ወደ 12.6 ስለሚገፋው፣ መብራቱ ባትሪው ሳይሞላም ይመለሳል።